የዜብራው ነጭ መስመሮች

ፓሪስ ውስጥ ይታከሙ የነበሩ አንድ የ58 ዓመት ሰው ዜብራ አዩ። ዜናው ይኸው ነው። እኔና እናንተ ልብ ሳንል የምንረግጣቸውን፣ አስፋልት ላይ የተቀቡትን ነጭ መስመሮች አይተው ለሐኪሞቻቸው ነገሩ።

ሐኪሞቹ በጣም ተደሰቱ። ምክንያቱም የሰውየው ዓይን ውስጥ ብርሃን የሚቀበሉት ሴሎች ከሞቱ ቆይተዋል። ዜብራውን ያዩት በሌሎች ሴሎች ነው። እነዚያ ሴሎች ከሌላ የመጣላቸውን መልእክት ማስተላለፍ እንጂ ብርሃን ተቀብሎ ምስል መሥራት ሥራቸው ሆኖ አያውቅም። አዲሱን ሥራ የሰጣቸው ሰው ነው።

ጉዳዩ ኔቸር ሜዲሲን በተባለው መጽሔት ላይ የታተመው በፈረንጆቹ 2021 ነው። ሥራውን ከመሩት መካከል የዓይን ሐኪሙ ዦዜ አላን ሳሄል እና ስዊዘርላንድ፣ ባዝል ከተማ የሚሠሩት ተመራማሪ ቦቶንድ ሮስካ ይገኛሉ። የፓሪሱ ቡድን የሚሠራበት ተቋም ካንዝ ቫን ከሚባለው የዓይን ሆስፒታል ጋር የተያያዘ ነው። ስሙ በፈረንሳይኛ «አሥራ አምስት ሃያዎች» ማለት ነው። ሲባዛ 300 ይመጣል። ንጉሥ ሉዊ 9ኛ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ለ300 ዓይነ ስውራን መጠለያ ብሎ ያቋቋመው ቤት ነው። ከመጠለያነት ተነስቶ እዚህ መድረሱ ደስ ይለኛል።

የሰውየው በሽታ ሬቲናይቲስ ፒግመንቶሳ ይባላል። በሽታው እንዳለባቸው ያወቁት ከሙከራው 40 ዓመት ቀደም ብለው ነው። ከአራት ሺህ ሰው አንዱን ያህል የሚይዝ፣ በዘር የሚመጣ ችግር ነው። ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በዳፍንት ነው።

ዳፍንት ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን የቫይታሚን ኤ እጥረት ነው። ልክ ነው። አገራችን ውስጥ ዕድሜያቸው ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ለሆኑ ሕፃናት በየስድስት ወሩ የሚሰጠው ቫይታሚን ኤ ዓይናቸውንም ለመጠበቅ ነው። ግን ያኛው ዳፍንትና ይሄኛው ለየቅል ናቸው። በእጥረት የመጣው ቶሎ ከተደረሰበት ቫይታሚኑ ሲገኝ ይሻለዋል። የሰውየውን ዓይነት ግን ጉበትም ካሮትም አይመልሰውም። ታዲያ ሁለቱ በአንድ ምልክት የሚጀምሩት ለምንድን ነው? ለዚህ ሬቲና ውስጥ መግባት አለብን።

ሬቲና የዓይናችንን የውስጥ ጀርባ የሸፈነ ስስ ንጣፍ ነው። ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ብዙ ሰው ከካሜራ ፊልም ጋር ያመሳስለዋል። እኔ ይሄ ምሳሌ አይዋጥልኝም። ፊልም የመጣለትን ሁሉ ይይዛል፤ አይመርጥም፣ አያመዛዝንም። ሬቲና ግን በጽንስ ጊዜ ከአንጎል ተነስቶ የተዘረጋ የአንጎል ክፍል ነው። ያስባል ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

ብርሃን ተቀባዮቹ ከሁሉም ረድፍ ኋላ ነው ያሉት። ብርሃኑ ሌሎቹን ሴሎች አልፎ ነው የሚደርስባቸው። ዓይነታቸው ሁለት ነው፤ ሮድ እና ኮን። ሮዶቹ በትር ይመስላሉ። በአንድ ዓይን ውስጥ 120 ሚሊዮን ያህል ናቸው። የጨለማና የድንግዝግዝ ሠራተኞች እነሱ ናቸው፤ ቀለም ግን አይለዩም። ኮኖቹ ሾጣጣ ናቸው፤ ቁጥራቸውም 6 ሚሊዮን ገደማ ነው። የቀኑ ብርሃንና ቀለም የእነሱ ድርሻ ነው። ይህን ጽሑፍ የምታነቡት በኮኖቻችሁ ነው። ዶሮ አመሻሽ ላይ ወደ ቆጧ የምትቻኮለው ወዳ አይደለም። ሬቲናዋ ውስጥ ኮኖቹ ከሮዶቹ ይበዛሉ፤ ሲጨልም የሚያግዛት የላትም።

ሮድ ውስጥ ሮዶፕሲን የሚባል ፕሮቲን ታጭቆ አለ። በፕሮቲኑ ሆድ ውስጥ ሬቲናል የተባለ ትንሽ ሞለኪውል ታጥፎ ተቀምጧል። ሬቲናል የሚሠራው ከቫይታሚን ኤ ነው። ጆርጅ ዋልድ ሬቲና ውስጥ ቫይታሚን ኤ መኖሩን ያገኘው በ1933 ነበር፤ በ1967 የኖቤል ሽልማት ካገኙት ሦስት ሰዎች አንዱ ሆነ። እንግዲህ ቫይታሚኑ ሲያጥር ሮዱ በሕይወት አለ፣ ግን የሚሠራበት ዕቃ የለውም። በሰውየው በሽታ ደግሞ ዕቃው ቢኖርም ሮዱ ራሱ ይሞታል። ሁለቱም የሚነኩት መጀመሪያ የሌሊቱን ሠራተኛ ነው። ዳፍንቱ የሚያገናኛቸው ለዚህ ነው።

ቀጥሎ ያለው ሂደት ሁሌም ይገርመኛል። አንዲት የብርሃን ቅንጣት፣ ማለትም አንዲት ፎቶን፣ ሬቲናሉን ስትነካው የታጠፈው ይዘረጋል። ሲዘረጋ ሮዶፕሲኑ ቅርጹን ይለውጣል። የተለወጠው ሮዶፕሲን ብዙ ሌሎች ፕሮቲኖችን ይቀሰቅሳል። እነሱ ኢንዛይም ያስነሳሉ። ኢንዛይሙ ደግሞ እጅግ ብዙ ሞለኪውሎችን ይሰባብራል። ከአንዲት ጠብታ ጎርፍ ይነሳል። መጨረሻ ላይ የሴሉ ሽፋን ላይ ያሉ ጥቃቅን በሮች ይዘጋሉ። አዎ፣ ይዘጋሉ። ሮድና ኮን የሚለፈልፉት በጨለማ ነው። ጨለማ ውስጥ ለቀጣዩ ሴል ያለማቋረጥ ኬሚካል ያፈሳሉ። ብርሃን ሲመጣ ድምፃቸውን ይቀንሳሉ። «ብርሃን አለ» የሚለው መልእክት ዝምታቸው ነው። በዚያ ጎርፍ የተነሳ አንድ ሮድ ለአንዲት ፎቶን እንኳ ምላሽ መስጠት ይችላል። ይህን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ ላይ መነጽሩ ጋ ስንደርስ ያስፈልገናል።

ሮድና ኮኖቹ መልእክቱን ለባይፖላር ሴሎች ይሰጣሉ። ባይፖላሮቹ ለጋንግሊዮን ሴሎች ያቀብላሉ። ጎን ለጎን የተዘረጉ ሌሎች ሴሎችም መሃል ገብተው ያመዛዝናሉ። የጋንግሊዮኖቹ ረዣዥም ክሮች አንድ ላይ ተጠቃለው የዓይን ነርቭ ይሆናሉ። ክሮቹ አንድ ሚሊዮን ገደማ ናቸው። እስቲ አስቡት፤ ከ120 ሚሊዮን በላይ ተቀባይ፣ አንድ ሚሊዮን ሽቦ። የገባውን ሁሉ እንዳለ መላክ አይቻልም። ሬቲና ማበጠር ግድ ይለዋል።

እንዴት እንደሚያበጥር ስቴፈን ኩፍለር በ1953 በድመት ሬቲና ላይ አሳየ። እያንዳንዱ ጋንግሊዮን የሚጠብቃት ትንሽ ክብ መስክ አለችው። መሃሏ ላይ ብርሃን ሲያርፍ የሚነሳ ሴል ዙሪያዋ ላይ ሲያርፍ ይታገዳል። ሌላው ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ መሃሏ ሲጨልም ነው የሚነሳው። መስኳ ሁሉ እኩል ቢበራ ግን ሴሉ ብዙም የሚለው የለውም። ስለዚህ ሬቲና ለአንጎል አጥብቆ የሚነግረው ብርሃኑ የት ላይ እንደሚለወጥ ነው። ጠርዝ የት እንዳለ፣ ጥቁሩ አልቆ ነጩ የት እንደሚጀምር ይነግረዋል። ዜብራ ማለት እኮ ይኸው ነው።

ወደ ሰውየው እንመለስ። በዚህ በሽታ መጀመሪያ ሮዶቹ ይሞታሉ። እነሱ ሲያልቁ ኮኖቹም ይከተላሉ። እይታው ከዳር ወደ መሃል እየጠበበ፣ በቱቦ ውስጥ አጮልቆ እንደማየት ይሆናል። ኋላ ላይ እሱም ይጠፋል። ሰውየው ለሙከራው ሲመረጡ መለየት የሚችሉት ብርሃን መኖርና አለመኖሩን ብቻ ነበር። ነገር ግን በዚህ በሽታ ጋንግሊዮኖቹ ረጅም ዕድሜ አላቸው። የዓይን ነርቩም እስከ አንጎል እንደተዘረጋ ነው። መስመሩ አለ፤ የሚደውል የለም። ከጋንግሊዮኖቹ ጥቂቶቹ የራሳቸው ብርሃን ተቀባይ አላቸው፤ ዋና ሥራቸው ግን ለሰውነታችን ቀንና ሌሊቱን መንገርና የዓይን ብሌንን ማጥበብ ነው። ዜብራ አያሳዩም።

የተመራማሪዎቹ ሐሳብ ጋንግሊዮኖቹን ራሳቸውን ብርሃን ተቀባይ ማድረግ ነው። መሣሪያው የተገኘው ከአልጌ ነው። ውሃ ውስጥ የሚኖሩ ባለ አንድ ሴል አረንጓዴ አልጌዎች ብርሃን ወዳለበት ለመዋኘት የሚጠቀሙበት ፕሮቲን አላቸው። ቻናልሮዶፕሲን ይባላል። የጀርመን ተመራማሪዎች አሠራሩን የገለጡት በ2002 እና በ2003 ነው። ይህ ፕሮቲን መልእክተኛ አይልክም፣ ጎርፍ አያስነሳም። ራሱ በር ነው። ብርሃን ሲነካው ይከፈታል፤ ኤሌክትሪክ የተሸከሙ ቅንጣቶች ወደ ሴሉ ይገባሉ፤ ሴሉ ይነሳል። በቃ። በ2006 ደግሞ ብርሃን ተቀባዮቻቸው በሞቱባቸው አይጦች ሬቲና ላይ ተሞክሮ ሴሎቹ ለብርሃን ምላሽ ሰጡ።

ለሰውየው የተመረጠው ክሪምሰንአር የተባለው ዓይነት ነው። መነሻው ክላሚዶሞናስ ኖክቲጋማ የምትባል አልጌ ናት። የመጀመሪያዎቹ ቻናልሮዶፕሲኖች የሚፈልጉት ሰማያዊ ብርሃን ነበር። ኃይለኛ ሰማያዊ ብርሃን ደግሞ ሬቲናን ይጎዳል፣ ብሌንንም ያጠባል። ክሪምሰንአር ወደ ብርቱካናማው ያዘነብላል። ለዓይን ይሻላል።

የፕሮቲኑን ዘረመል የሚያደርሰው በሽታ እንዳያመጣ ተደርጎ የተዘጋጀ ቫይረስ ነው። 50 ቢሊዮን ያህሉ የባሰው ዓይን ውስጥ በአንድ መርፌ ተሰጠ። የብዛቱ ነገር አያስደንግጣችሁ፤ በሙከራው ዝቅተኛው መጠን ነበር። የባሰው ዓይን መመረጡ ተገቢ ነው። ነገሩ ቢበላሽ እንኳ የተሻለው ዓይን አይነካም።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ሴሎቹ አዲሱን ፕሮቲን በበቂ መጠን እስኪሠሩ አራት ወር ተኩል ታለፈ። ቀጥሎ ሥልጠናው ተጀመረ። ሥልጠና ስል እንደ ልጅ ማየትን መማር ማለቴ ነው። ሰባት ወር ሰለጠኑ። ውጤቱ ስለዘገየባቸው መጀመሪያ ላይ ትንሽ ተበሳጭተው እንደነበር ሐኪማቸው ሳሄል ተናግረዋል። እኔ በእሳቸው ቦታ ብሆን የምታገሥ አይመስለኝም። መርፌ ተወግቶ፣ ወር በወር ላይ ተቆጥሮ፣ አሁንም ጨለማ።

አሁን መነጽሩ ጋ ደረስን። ያዙልኝ ያልኳችሁን አስታውሱ፤ ሮድ ከአንዲት ፎቶን ጎርፍ ያስነሳል። የአልጌው ፕሮቲን ይህ ማጉያ የለውም። ለአንዲት ፎቶን ቢበዛ አንድ በር ነው የሚከፍተው። ስለዚህ ክፍል ውስጥ ያለ ተራ ብርሃን አይበቃውም። ጤነኛ ዓይን ከከዋክብት ብርሃን እስከ ቀትር ፀሐይ ድረስ ራሱን እያስተካከለ ይሠራል። አዲሶቹ ተቀባዮች የሚሠሩበት ክልል ግን ጠባብ ነው። ይህን ክፍተት የሚሞላው መነጽሩ ነው። መነጽሩ ላይ ያለች ካሜራ አካባቢውን ታያለች። መነጽሩ ያየችውን 595 ናኖ ሜትር በሆነ ብርቱካናማ ብርሃን አድርጎ ሬቲናው ላይ ያሳርፋል። በጣም ደማቅ አድርጎ።

የወደድኩት ግን የካሜራዋን አሠራር ነው። እንደ ስልካችን ካሜራ ሙሉ ምስል በየቅጽበቱ አታነሳም። እያንዳንዷ ነጥብ የምትናገረው ብርሃኗ ሲጨምር ወይም ሲቀንስ ብቻ ነው። ያልተለወጠውን ትተወዋለች። የሬቲናን ዘዴ ተውሳለች ማለት ነው። ሮድና ኮኖቹ፣ ባይፖላሮቹም ይሠሩት የነበረው የማበጠር ሥራ በከፊል ወደ መነጽሩ ተዛወረ። ዕቃው ቆሞ ከሆነ እንዲለወጥ የሚያደርገው የሚያየው ሰው ነው፤ ጭንቅላትን ወዲህና ወዲያ እያንቀሳቀሱ መቃኘት ያስፈልጋል። ሥልጠናው አንዱ ይኸው ነው።

ፈተናው ነጭ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ዕቃ ይቀመጣል፤ ሰውየው አለ ወይስ የለም ብለው ለይተው፣ የት እንዳለ ጠቁመው በእጃቸው ይነካሉ። ትልቅ ደብተር ሲሆን ከሙከራዎቹ 92 በመቶ ተሳካላቸው። ትንሽ የስቴፕለር ሽቦ ሳጥን ሲሆን ግን 36 በመቶ ብቻ። ጠረጴዛው ላይ የተደረደሩ ብርጭቆዎችን ሲቆጥሩ ከ19 ጊዜ 12ቱን በትክክል ቆጠሩ። ያለ መነጽሩ በሁለቱም ዓይን፣ ወይም በታከመው ዓይን ብቻ ሲሞክሩ አልቻሉም።

ተጠራጣሪ አንባቢ «ገምተው ቢሆንስ?» ይል ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ተመራማሪዎቹም አስበውበታል። ጭንቅላታቸው ላይ የአንጎልን የኤሌክትሪክ ሞገድ የሚለካ መሣሪያ አድርገው፣ ብርጭቆ አንዴ እያስቀመጡ አንዴ እያነሱ መዘገቡ። ከዚያ ሞገዱን ብቻ በማየት ብርጭቆው መኖር አለመኖሩን 78 በመቶ በትክክል መለየት ተቻለ። ምልክቱ በጉልህ የታየው ከጭንቅላት በስተኋላ፣ እይታ በሚተነተንበት የአንጎል ክፍል ነው። ለእኔ ከቁጥሮቹ ሁሉ የሚከብደው ይሄ ነው። የአልጌው ፕሮቲን የቀሰቀሰው መልእክት በዚያው በድሮው መስመር ተጉዞ ትክክለኛው ቤት ደርሷል።

የጎደለው ደግሞ ብዙ ነው፤ መሸፋፈን አልፈልግም። ቀለም የለም። ፊት መለየት የለም። ማንበብ የለም። ምክንያቱ የአልጌው ፕሮቲን ድክመት ብቻ አይመስለኝም። ጤነኛ ሬቲና ውስጥ አንዱ ጋንግሊዮን «በራ» ሲል ሌላው «ጨለመ» ይላል፤ ሌላው ደግሞ እንቅስቃሴ ይጠብቃል። ክሪምሰንአር የገባባቸው ሴሎች ግን ድሮ ሥራቸው ምንም ይሁን ምን፣ ብርሃን ሲነካቸው ሁሉም ይነሳሉ። «ጨለመ» ባዩ ሴል በብርሃን ይጮሃል። አንጎል በሕይወቱ ሰምቶት የማያውቅ ቅይጥ ቋንቋ ይደርሰዋል። አልታገሥም ያልኩትን ረስቼ ሰባት ወሩ አሁን ያነሰብኝ ለዚህ ነው።

አንድ ሰው ብቻ መሆናቸውም አለ። በሙከራው ሌሎችም መርፌውን ወስደው ነበር። ሥልጠናቸው ሊቀጥል ሲል ኮቪድ መጣ፤ ወደ ማሠልጠኛው መመላለስ አልተቻለም። በጊዜው ሥልጠናውን የጨረሱት እኚህ ሰው ብቻ ሆኑ። ስለዚህ 92 በመቶ የሚለውን ቁጥር «መድኃኒቱ 92 በመቶ ያድናል» ብሎ የሚያወራ ሰው ካጋጠማችሁ አርሙት። የአንድ ሰው፣ የአንድ ደብተር ቁጥር ነው።

እንዲህ ያለ ዜና ሲወጣ «ለአባቴስ ይሆናል?» የሚል ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። ስለዚህ በግልጽ ልንገራችሁ። የዓይን ሞራ ሌንሱን ነው የሚያደበዝዘው፤ ሬቲናው ደህና ከሆነ በቀዶ ሕክምና ይስተካከላል፤ ይህ ሁሉ ጣጣ አያስፈልገውም። ትራኮማ የሚጎዳው የዓይን ቆብንና የፊት ለፊቱን መስታወት ነው። ግላኮማ ደግሞ ከዚህ ሰው በሽታ ግልባጭ ነው። እዚያ የሚሞቱት ራሳቸው ጋንግሊዮኖቹ ናቸው። ደዋዩ አለ፤ የተቆረጠው መስመሩ ነው። የአልጌውን ፕሮቲን የሚቀበል ሴል ካልቀረ መርፌው የሚያርፍበት የለውም። የግላኮማ ጠብታ የታዘዘላችሁ ሰዎች በዚህ ዜና ተዘናግታችሁ ጠብታውን እንዳታቋርጡ። ለእናንተ ዛሬ ያለው መላ እሱ ነው። ማታ ማታ እየተደናቀፈ የሚሄድ፣ ቫይታሚን ኤ ተሰጥቶት ያልተሻለው ልጅ ቤታችሁ ካለ ደግሞ ሬቲናውን የሚያይ የዓይን ስፔሻሊስት ዘንድ ውሰዱት። ከቤተሰብ ሌላ ዳፍንት ያለበት ሰው ካለም ለሐኪሙ ንገሩት።

ሰውየው ከላቦራቶሪ ውጪም መነጽሩን ይዘው ወጥተዋል። ዜብራውን ያዩት ያኔ ነው። ቤት ውስጥ ሳህን፣ ኩባያና ስልክ ማግኘት ቻሉ። ክፍል ውስጥ ያለ የቤት ዕቃ የት እንደቆመ፣ ኮሪደሩ ላይ በሩ የቱ ጋ እንደሆነ ለዩ። መነጽሩን ሲያወልቁ ግን የክፍሉ ብርሃን ለአዲሶቹ ተቀባዮች አይበቃም። በሩ መልሶ ይጠፋባቸዋል።